ሸዋ በር ያለ የድሮ ጭቃ ቤት፦ አድሰን እንሽጠው ወይስ እንዳለ?

የሸዋ በር ቤት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ሸዋ በር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ የወላጆቻችን ቤት አለ። ቋሚና ማገሩ ባሕር ዛፍ፣ ግድግዳው በጭቃ የተመረገ፣ ላዩ በሲሚንቶ የተለሰነ ነው። ስፋቱ 8 በ6 ሜትር ሲሆን ሦስት ክፍል አለው። ግቢው ከኋላ ዳገት ስለሆነ ጎርፉ የሚመጣው ከዚያ ነው። የኋላው ግድግዳ ልስን ከመሬት እስከ ወገብ ተነፍቷል፤ ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ ይሰጣል፣ ቦታ ቦታም ረግፏል። ሳሎኑ የአፈር ወለል ነው፣ ምንጣፉ ሲነሳ ሥሩ እርጥብ ነው። ቆርቆሮው ዝጓል፣ የቺፕውድ ኮርኒሱም ሁለት ቦታ ቡናማ እድፍ አለበት። አሸንዳ የለውም።

አንድ ባለሙያ ልስኑን አራግፎ፣ የዶሮ ሽቦ ወጥሮ፣ ዙሪያውን በሲሚንቶ ሊለስነውና ወለሉን ሊሾ ሊያደርገው ሐሳብ አቅርቧል። የምንፈልገው እስከ ጥር መሸጥ ነው። ካርታው በሟች አባታችን ስም ነው፤ እናታችን በሕይወት አሉ፣ ልጆቹ ሦስት ነን። ገንዘባችን ለሁሉም አይበቃም። ምን ይቅደም?

ውሃ ልክ

አብሽሩ፣ እንደ አገላለጻችሁ ቤቱ የሚድን ነው። የቀረበላችሁ አሠራር ግን ከመጨረሻው ይጀምራል። ልስኑ የተነፋው ስላረጀ ሳይሆን ከጀርባው ውሃ ስላለ ነው። ጭቃ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ሲሚንቶ ግትር ስለሆነ አብሮት አይንቀሳቀስም፣ ስለዚህ ይለቃል። ከዚህ የባሰው ግድግዳውን ማፈኑ ነው። ከመሬት የተሳበው እርጥበት በጎን ወጥቶ መድረቅ ሲያቅተው ወደ ላይ ይሳባል፤ እስከ ወገብ የደረሰው ለዚህ ነው። አሁን ሽቦ ተወጥሮ ቢለሰን በሚመጣው ክረምት ያው ቦታ ይነፋል፣ ግን ሽቦው ስለሚይዘው አይወድቅም። ቋሚው ውስጥ ለውስጥ እየበሰበሰ ከውጭ ቤቱ ደህና ይመስላል። ለሻጭም ለገዢም አደገኛው ይሄ ነው።

የውሃውን ብዛት አስሉት። ክዳኑ በየጎኑ 60 ሳንቲ ሜትር ከወጣ 9.2 በ7.2፣ ማለትም ወደ 66 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። የሐምሌ አንድ ዶፍ 40 ሚሊ ሜትር ቢጥል ከጣራችሁ 2,640 ሊትር ይወርዳል፣ በባለ 200 ሊትር በርሜል 13 በርሜል። አሸንዳ ከሌለ ግማሹ የሚያርፈው እዚያው የታመመው ግድግዳ ሥር ነው፤ ከዳገቱ የሚመጣው ሲጨመርበት አስቡት።

ስለዚህ የመጀመሪያው ብር የሚወጣው ከቤቱ ውጭ ነው። ከኋላ የተከማቸውን አፈር እየጠረጋችሁ የውጭው መሬት ከውስጡ ወለል ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እንዲል አድርጉ። ብዙ የድሮ ቤት ከዓመት ዓመት አፈር እየተሞላበት ግርጌው ተቀብሮ ነው የሚገኘው። ከግድግዳው 1 ሜትር ራቅ ብላችሁ 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 40 ጥልቀት ያለው ቦይ ቆፍሩ። ግድግዳው ሥር ተጠግቶ መቆፈር ቋሚዎቹን ያላላል። የቦዩ ቁልቁለት በየሜትሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ በክርና በውሃ ልክ ተለክቶ፤ በዓይን ግምት የተቆፈረ ቦይ መሐሉ ላይ ውሃ ያቁራል። ወለሉና ጎኑ በድንጋይና በሲሚንቶ ይገንባ፣ መውጫው የመንገዱ ቦይ እንጂ የጎረቤት ግቢ አይሁን። በግድግዳውና በቦዩ መካከል ያለው መሬት ወደ ውጭ 5 ሳንቲ ሜትር ተዳፍቶ ይጠቅጠቅ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ዳገቱን ቀጥ አድርጋችሁ አትቁረጡ። ደሴ መሬት የሚንሸራተትባት ከተማ ናት። ከ1 ሜትር በላይ የሚቆረጥ ከሆነ የድንጋይ ድጋፍ ግንብ ያስፈልጋል፤ ግንቡም ጀርባው በጠጠር ተሞልቶ በየ2 ሜትሩ የውሃ መውጫ ቱቦ ይኑረው። መውጫ የሌለው ድጋፍ ግንብ ከጀርባው በሚጠራቀመው ውሃ ይገፋል።

ቦርቀና ማዶ

በአብዛኛው እስማማለሁ፣ በሽቦው ግን አይደለም። በሽቦና በሲሚንቶ የተለሰነ ጭቃ ቤት ደሴ ውስጥ በየሰፈሩ አለ፣ ብዙ ዓመት ቆሞ የሚታይም ሞልቷል። ገዢ ደግሞ ግድግዳውን በጣቱ ነክቶ ነው የሚገምተው። ጭቃ ከሆነ ዋጋ ይሰብራል።

ውሃ ልክ

የቆሙትን ግርጌያቸውን እዩአቸው። አብዛኞቹ ግማሽ ሜትር የሚሆን የድንጋይ መሠረት ከመሬት በላይ አላቸው፣ የክዳናቸው ክንፍም ሰፊ ነው። ልስኑ መሬት አይነካም። ያቆማቸው እሱ ነው። በሽቦ መለሰን ከተፈለገ፣ ውሃው ተቆርጦ ግድግዳው ከደረቀ በኋላ፣ ሽቦው ጭቃው ላይ ሳይሆን ቋሚውና ማገሩ ላይ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ በሚስማር ይያዝ። ልስኑ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቁም። ድብልቁም 1 ሲሚንቶ ለ3 አሸዋ መሆን የለበትም። ለጭቃ ግድግዳ እጅግ ደረቅና ግትር ነው፣ ይሰነጠቃል። 1 ሲሚንቶ፣ 1 ኖራ፣ 6 አሸዋ ይሻላል። ውፍረቱ ከ2 ሳንቲ ሜትር አይለፍ፣ ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ።

ለዚህ ቤት ግን የምመክረው የኋላውን ግድግዳ በጭቃ መልሶ መምረግና ላዩን በኖራ መጨረስ ነው። የተነፋው ልስን በሙሉ፣ ደህና ከሚመስለውም 20 ሳንቲ ሜትር አልፎ፣ ይራገፍ። ግድግዳው ተገልጦ ሦስት ሳምንት አየር ይምታው። ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ከፍታው 1.2 ሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ተብሎ ሲሰላ የሚያስፈልገው ጭቃ ወደ ግማሽ ሜትር ኩብ ነው። ጥቁር አፈር አትጠቀሙ፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ላይኛው አፈር ተነስቶ ከታች የሚወጣው ቀይ አፈር ይሁን። ለ3 ባሬላ አፈር 1 ባሬላ የጤፍ ጭድ ጨምሩ፣ አቡክታችሁም ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል ሦስት፣ በየሦስት ቀኑ ውሃ እየጨመራችሁና እየረገጣችሁ አቆዩት። ጭዱ ሲጎተት በቀላሉ ከተበጠሰ፣ ጭቃውም ከሸተተ ደርሷል። ያልቦካ ጭቃ ግድግዳው ላይ አይጣበቅም፣ ሲደርቅ ጭዱን ይዞ ይፈረፈራል።

ከመምረጋችሁ በፊት ግድግዳው ላይ 30 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆኑ ሦስት ሙከራዎች ለጥፉ፦ አንዱ አሸዋ የሌለው፣ አንዱ ለ3 አፈር 1 አሸዋ፣ አንዱ ለ3 አፈር 2 አሸዋ። ከሳምንት በኋላ ያልተሰነጠቀውንና በጣት ሲታሽ የማይረግፈውን ምረጡ። ምርጊቱን በአንድ ጊዜ 5 ሳንቲ ሜትር አትጫኑት። ሁለት ጊዜ ይመረግ፣ የመጀመሪያው ሳይለሰልስ ሻካራ ሆኖ ይደር፣ ሁለተኛው ከመደረቡ በፊትም ውሃ ይረጭበት። መጨረሻው 1 ኖራ ለ3 በወንፊት የተነፋ አሸዋ፣ 1 ሳንቲ ሜትር ውፍረት፣ በፍራታሶ (በልስን ማለስለሻ ጣውላ) የታሸ። ኖራ ዓይን ያቃጥላልና መነጽርና ጓንት ይደረግ።

ጊዜው ይመቻችኋል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደሴ ላይ ጭቃ በደንብ ይደርቃል። ወደ የካቲት ከተገፋ በልግ ይደርስባችኋል።

የአናጢ ልጅ

ልስኑ ሲራገፍ መጀመሪያ የሚታየው ቋሚው ነው። ካቻቢቴ ይዛችሁ እያንዳንዱን ቋሚ መሬት በሚገናኝበት ቦታ ውጉት። የበሰበሰ ባሕር ዛፍ ከመሬት በላይ ጤነኛ መስሎ፣ መሬቱን በሚነካበት አንድ ጋት ላይ ብቻ ዱቄት ሆኖ ይገኛል። ካቻቢቴው ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ በቀላሉ ከገባ ያ እግር አልቋል።

እግሩን ለመቀየር በመጀመሪያ ጣራውን የተሸከመው አግዳሚ በሁለት ድጋፍ እንጨትና በክሪክ ይያዝ። ጣራውን ወደ ላይ ለማንሳት አትሞክሩ፣ ሸክሙን መቀበል ብቻ ይበቃል። ከተነሳ ቆርቆሮው ላይ ያለው ሚስማር ሁሉ ይላላል። ቋሚው ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቆረጥ፣ የበሰበሰው ይውጣ። 40 በ40፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲ ሜትር ጉድጓድ ተቆፍሮ 1 ለ2 ለ3 (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) አርማታ ይሞላ፤ ከአንድ ከረጢት ያነሰ፣ ወደ 35 ኪሎ ሲሚንቶ ይወስዳል። አርማታው ውስጥ ሁለት 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላቸው ጠፍጣፋ ብረቶች ቆመው ይቀበሩ። ከ7 ቀን በኋላ አዲስ የጽድ ቁራጭ በብረቶቹ መሐል ገብቶ በ12 ቁጥር ቡሎን ይታሰር፣ ከላይኛው ቋሚ ጋርም በጎንና ጎን ጣውላ ይያያዝ። የእንጨቱ ጫፍ ከመሬት 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ እንጨት መሬት እንዳይነካ ነው ይህ ሁሉ ልፋት። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቋሚዎች በአንድ ቀን አይነኩም። ተሸካሚ አካል የሚቀየር ስለሆነ አስቀድሞ ከከተማው ሕንፃ ሹም ፈቃድ ጠይቁ፣ የሕንፃ አዋጁ ይመለከተዋል።

ጣራውን በተመለከተ፣ ፀሐያማ ቀን ኮርኒሱ ላይ ወጥታችሁ በጨለማው ቆርቆሮውን ቀና ብላችሁ እዩ። ብርሃን የሚገባው በሚስማር ቀዳዳ ብቻ ከሆነ ቆርቆሮው ይቀጥላል፦ አሮጌው ሚስማር ወጥቶ ጎማ ያለው፣ ረዘምና ወፈር ያለ ይመታበት፣ ሞገዱ ጀርባ ላይ እንጂ ሸለቆው ላይ አይሁን። ቆርቆሮው ራሱ እንደ ወንፊት ከታየ ግን በቅጥራን መለጠፍ ገንዘብ ማቃጠል ነው። የ2 ሜትር ቆርቆሮ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በጎን አንድ ተኩል ሞገድ፣ በቁመት 20 ሳንቲ ሜትር ተደራርቦ፣ የሚሸፍነው 1.2 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። የእናንተ ጣራ ከነተዳፋቱ ወደ 70 ካሬ ነው፣ 60 ቅጠል ያዙ። ስትገዙ የጌጅ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው እንደሚሳሳ አትርሱ፤ 35 ከ32 ይሳሳል። አሸንዳው በየሜትሩ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ተዳፍቶ፣ መያዣው በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ይሁን።

ኮምቦልቻ 05

ከታች ያለነው ሌላ ጠላት አለን። እንደ ደሴ አይበርድም፣ ምስጡ ግን ይብሳል። ግድግዳው ላይ እርሳስ የሚያክል የአፈር መስመር ከታች ወደ ላይ ከወጣ ምስጥ መንገድ ሠርቷል። መስመሩን ሰብሮ ቀለም መቀባት ምንም አይጠቅምም፣ በሌላ በኩል ይወጣል። አናጢው እንዳለው እንጨቱን ከመሬት መነጠል ነው መድኃኒቱ፣ ምክንያቱም ያኔ መንገዱ ብረቱ ላይ ስለሚወጣ በዓይን ይታያል። የተቃጠለ ዘይት የሚቀባ ካለ፣ ከመሬት በታች ለሚቀበር እንጨት ይቻላል፣ ግድግዳ ውስጥ ላለው ግን ዘይቱ በምርጊቱ ዘልቆ ቀለሙን ያበላሻል፣ ሽታውም ቤቱን የሚያይ ገዢ አፍንጫ ውስጥ ነው የሚገባው።

የሸዋ በር ቤት (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልን። በካቻቢቴ ስንሞክረው ከኋላ ሦስት ቋሚዎች ገብቷል፤ የፊቶቹ ጠንካራ ናቸው። ጣራው ላይ ያለው ብርሃን የሚስማር ብቻ ነው። ወለሉስ? ሊሾው ይቅር?

ውሃ ልክ

ለሦስቱ እግር ከአንድ ኩንታል ትንሽ የሚበልጥ ሲሚንቶ በቂ ነው። ጣራውም ስለዳነ ያ ገንዘብ ለአሸንዳና ለቦይ ይዋል።

ወለሉን እባካችሁ ውሃው ሳይቆረጥ አትድፈኑት። አሁን እርጥበቱ በአፈሩ ወለል በኩል እየወጣ ይደርቃል። ላዩ በሲሚንቶ ሲዘጋ መውጫው ግድግዳው ብቻ ይሆናል። ሊሾ በተደረገ ማግስት ደህና የነበረ የውስጥ ግድግዳ መርጠብ የሚጀምረው ለዚህ ነው፣ ሰውም ጥፋቱን በቀለም ላይ ያላክካል። ቦዩና አሸንዳው ሥራ ከጀመሩ በኋላ ወለሉ ላይ አንድ ሜትር የሚሆን ላስቲክ ዘርጉ፣ ጠርዙን በድንጋይ ተጭናችሁ ሦስት ቀን አቆዩት። ሥሩ ላብ ከያዘ ገና ነው።

ሲደርቅ፣ አፈሩ 25 ሳንቲ ሜትር ይውጣ፣ ግድግዳ ሥር ያለው 30 ሳንቲ ሜትር ግን አይነካ። 20 ሳንቲ ሜትር ድንጋይ ቆሞ ይደርደር፣ ክፍተቱ በጠጠር ይሞላ፣ ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍ፣ 8 ሳንቲ ሜትር አርማታ ይፍሰስ። 48 ካሬ በ8 ሳንቲ ሜትር ወደ 3.8 ሜትር ኩብ ነው፤ በ1 ለ2 ለ4 ድብልቅ 12 ኩንታል ሲሚንቶ ገደማ ይፈልጋል። ገንዘብ ካጠረ ሳሎኑን ብቻ ሥሩ፣ ወይም ወለሉን ደልድላችሁ ተዉት። ደረቅ የአፈር ወለል ያለው ቤት እርጥብ ሊሾ ካለው የተሻለ ይሸጣል።

ውልና ካርታ

ሁሉም ስለ ጭቃው አወራ፣ እኔ ግን የምሰጋው በወረቀቱ ነው። ምርጊቱ በሁለት ወር ያልቃል፣ ወረቀቱ ግን በእናንተ ፍጥነት አይሄድም። ስለዚህ ቦዩ በሚቆፈርበት ሳምንት የወራሽነት ማስረጃው በፍርድ ቤት ይጀመር። የሞት ምዝገባ ማስረጃ፣ የእናታችሁ የጋብቻ ማስረጃና የልጆቹ መታወቂያ ይዘጋጅ። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ከሆነ ግማሹ የእናታችሁ የራሳቸው ድርሻ እንጂ ውርስ አይደለም። የእሳቸው ፊርማ የሌለበት ሽያጭ ነገ ይፈርሳል። ሩቅ ያለ ወራሽ ካለ ቤት ለመሸጥ የሚያስችል ግልጽ ውክልና ይላክ፤ ‹‹ጉዳዬን እንዲያስፈጽም›› የሚል ጠቅላላ ውክልና ለሽያጭ አይበቃም።

ቤቱ የግል መሆኑን የሚያሳየውን ሰነድ ከፋይሉ አውጡ። በአዋጅ 47/1967 የተወረሱና በቀበሌ ኪራይ የተያዙ ቤቶች በድሮ ሰፈሮች ውስጥ ተቀላቅለው ስላሉ አስተዋይ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይሄንን ነው። የቤትና ቦታ ግብር ደረሰኝ እስከ ዘንድሮ ይከፈል። ካርታው ላይ ያለው ስፋትና አጥሩ አንድ መሆናቸውን በሜትር ለኩ፤ አጥሩ ወደ ዳገቱ ተገፍቶ ከሆነ ትርፉ የሚሸጥ አይደለም፣ ለገዢም በግልጽ ይነገር። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ (721/2004) ነባር ይዞታ ከውርስ ውጭ ሲተላለፍ ገዢው በሊዝ እንዲይዝ ደንግጓል፣ ስለዚህ ገዢ የሚያቀርበው ዋጋ ይህን አስልቶ ነው። ዛሬ የሚከፈለውን ከማዘጋጃ ቤቱ መሬት አስተዳደር ጠይቃችሁ ጻፉና ያዙ።

ወረቀቱ ሳያልቅ ቀብድ አትቀበሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል፣ ከወራሾች አንዱ ቢያፈገፍግ ዕዳው የተቀበለው ሰው ላይ ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል ደግሞ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ክፍል መመዝገብ አለበት (የ1952ቱ ሕግ ቁጥር 1723)። ደላላ ቤት የሚፈረም ወረቀት ቤት አያሸጥም።

አንድ ነገር ደግሞ ከሥራው በፊት አጣሩ። የሰፈሩ ፕላን ፎቅ የሚጠይቅ ከሆነና መኪና የሚያስገባ መንገድ ካለ፣ ገዢው የሚገዛው ቦታውን ነው፤ ቤቱን ያፈርሰዋል። እንዲያ ከሆነ ቦዩን፣ አሸንዳውንና ሦስቱን እግር ሠርታችሁ አቁሙ፤ ወለሉና ልስኑ ብራችሁን ይበላል እንጂ ዋጋ አይጨምርም። መንገዱ የእግር ብቻ ከሆነ ግን ሊኖርበት የሚፈልግ ሰው ነው የሚመጣው፣ ያኔ የውስጡ ሥራ ዋጋ አለው።

የሸዋ በር ቤት (ጠያቂ)

ባጃጅ ይገባል፣ መኪና አይገባም። እንግዲህ ሊኖርበት ለሚገዛ ነው የምናዘጋጀው። ማድ ቤቱ በኩል ያለው ግድግዳ በጥላሸት ጠቁሯል፣ ቀለም ይይዛል?

የአናጢ ልጅ

በቀጥታ ፕላስቲክ ቀለም ከተቀባ ጥላሸቱ በሳምንት ውስጥ ቢጫ ሆኖ ይወጣል፣ ሦስተኛ እጅ ቢደረብም ይወጣል። በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ፣ በሞቀ ውሃና በሳሙና ይታጠብ፣ ሲደርቅ አንድ እጅ የዘይት ቀለም መነሻ ይቀባ፣ ከዚያ ፕላስቲኩ ይደረብ። ይህ ለደረቅ የውስጥ ግድግዳ ብቻ ነው። የኋላው ግድግዳ ዘይት ቀለም አይንካው፣ ሦስት እጅ ቀጭን የኖራ ቅብ ይበቃዋል። ኮርኒሱ ላይ ያለው ቡናማ እድፍም እንደ ጥላሸቱ ነው የሚያዝ፣ ጣራው ከተጠገነ በኋላ።

በሩና መስኮቱ የድሮ እንጨት ከሆነ በብረት አትቀይሩት። አሮጌው ቀለም ተፍቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ፣ ሁለት እጅ ቫርኒሽ ሲጠጣ ጽድና ዋንዛ የሚያወጣውን መልክ አዲስ ላሜራ አይሰጥም። ማጠፊያው ከላላ ሚስማሩ ይውጣና በብሎን ይተካ።

መብራቱንም አትርሱ። ኮርኒሱ ላይ እጅ ለእጅ ተጠማዝዞ በፕላስተር የታሰረ ሽቦ ካለ ተቀይሮ በቱቦ ይግባ፦ ለአምፖል 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር። የእንጀራ ምጣድ እስከ 4 ሺህ ዋት ስለሚስብ፣ 18 አምፔር ማለት ነው፣ የራሱ 4 ካሬ ሽቦና የራሱ ባለ 25 አምፔር ብሬከር ይኑረው።

ውሃ ልክ

የኋላውን ግድግዳ ቀለም የምትቀቡት ምርጊቱ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ፈዛዛ መልክ ሲይዝ ነው። ግርጌው ጠቆር ካለ እርጥብ ነው፣ ጠብቁት። እስከ ጥር ካልደረሰ ሳይቀባ አሳዩት፣ ቦዩንና የአርማታውን እግር ከነ ፎቶው አብራችሁ። ያልተቀባ ደረቅ ግድግዳ የሚያይ ገዢ ምን እንደሚገዛ ያውቃል።